ቃለ ጉባኤ የማይያዝበት ሊግ

የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ በግንቦት ሲዘጋ ነቀምቴ ላይ ዝናቡ ገብቷል። ሊጉ ተመልሶ የሚከፈተው ነሐሴ ላይ ነው። በመሀል ባሉት ወራት ኳስ የለም፤ ስለ ኳስ የሚወራው ግን ከመቼውም ይበዛል። ጥቅምትና ኅዳር ላይ ቅዳሜና እሁድን ብቻ ጠብቀው ዲኤስቲቪ ቤት የሚታጨቁ ሰዎች ክረምት ላይ ሰኞም ማክሰኞም ይገናኛሉ። ዝናቡ ያስጠልላቸዋል፣ ቡናው ያስቀምጣቸዋል፣ የዝውውር መስኮቱ ያጣላቸዋል።

ጨዋታ እያለ ሰው የሚከራከረው ባየው ነገር ነው። ዳኛው ፍጹም ቅጣት ምት ከለከለ፣ በረኛው በእግሩ መሀል አሳለፈ፤ ሁሉም አይቷልና ሙግቱ ከሁለት ስኒ በላይ አይቆይም። ክረምት ላይ ግን የሚታይ የለም። ገና ያልፈረመ አጥቂ፣ ገና ባልተጀመረ ውድድር፣ ገና ባልታወቀ ተከላካይ ላይ ስንት ግብ እንደሚያገባ ነው ክርክሩ። ማስረጃ በሌለበት ሙግት ማንም አይረታም። ደግሞም ቃለ ጉባኤ የሚይዝ የለም። ሐምሌ ላይ «ይሄ ልጅ ሃያ ግብ ካላገባ ስሜን ቀይሩት» ብሎ ጠረጴዛ የደበደበ ሰው፣ ኅዳር ላይ የድሮ ስሙን እንደያዘ በሰላም ቡናውን ይጠጣል።

ጉባኤውን የሚያደምቁት መምህራን ናቸው። ወለጋ ዩኒቨርሲቲ መደበኛ ተማሪዎቹን ለእረፍት ሲሸኝ፣ በክረምት መርሃ ግብር የሚማሩ መምህራን ከጊምቢ፣ ከነጆ፣ ከመንዲ፣ ከደምቢ ዶሎ፣ ከሻምቡ ሻንጣቸውን ይዘው ይገባሉ። ዓመቱን ሙሉ በየከተማቸው ያጠራቀሙትን ሐሳብም ይዘው ነው የሚመጡት። ቀን ቀን ስለ ሥርዓተ ትምህርት ይማራሉ፤ ማታ ማታ የአርሴናልንና የማንችስተር ዩናይትድን አሰልጣኞች ያስተምራሉ። ሲከራከሩም በነጥብ ነው። «አንደኛ» ብሎ የጀመረ መምህር «አራተኛ» ላይ ሲደርስ ቡናው ቀዝቅዟል፤ ያቋረጠው ሰው ካለ ደግሞ ወደ «አንደኛ» ይመለሳል።

ከእነሱ ጎን አንድ ጡረተኛ አይጠፉም። ሁሉም «ጋሼ» ይላቸዋል። አርሴናልን መደገፍ የጀመሩት በንዋንኮ ካኑ ዘመን ነው። ናይጄሪያዊው አጥቂ እ.ኤ.አ. በ1999 ቼልሲ ሜዳ ላይ ባለሜዳዎቹ 2 ለ 0 ሲመሩ ቆይተው በመጨረሻው ሩብ ሰዓት ሦስት ግብ አግብቶ ጨዋታውን ገልብጦታል። ጋሼ ከዚያ ወዲህ የመጣውን አጥቂ ሁሉ የሚለኩት በዚያ ሩብ ሰዓት ነው፤ እስካሁን የሞላ የለም። በሌላው ጥግ ደግሞ ከፕሌይ ስቴሽን ቤት የመጣ ልጅ አለ። እሱ ተጫዋች ሜዳ ላይ ሲሮጥ ማየት አያስፈልገውም። «ፍጥነቱ 91 ነው፣ ጭንቅላት ኳሱ 78» ይላል፤ የሚጠቅሰው ከቪዲዮ ጌሙ ነው፣ ድምፁ ግን የላቦራቶሪ ውጤት የሚያነብ ሐኪም ድምፅ ነው።

ከሁሉም የሚደመጠው ግን ከሆሮ ጉዱሩ በኩል የመጣው ነው። የሆሮ ከብት በአገሪቱ ከታወቁ ዝርያዎች አንዱ ስለሆነ፣ የሻምቡ ሰው በሬ ገበያ ላይ ዓይኑ አይታማም። ጥርሱን አይቶ ዕድሜውን፣ አረማመዱን አይቶ ጉልበቱን ያውቃል። ዋጋ ከመጥራቱ በፊት ግን ሻጩን አንድ ነገር ይጠይቃል፦ «ለምንድነው የምትሸጠው?» በሬው ጥሩ ከሆነ ባለቤቱ ለምን ገበያ አወጣው? ያርሳል? ይዋጋል? ልጅ ሊድሩ ነው? ይህን ጥያቄ ወደ ዝውውር መስኮት ያመጣው ሰው የነቀምቴን ክርክር አንድ ደረጃ ከፍ አድርጎታል። ሌሎቹ «ስንት ያወጣል?» እያሉ ሲጯጯሁ እሱ ዝም ብሎ ይቆይና፣ «እሺ፣ ባለቤቱ ግን ለምን ይሸጠዋል?» ይላል። ጠረጴዛው ሁሉ እንደገና ይጀምራል።

የ2017 ክረምት ይህን ጥያቄ ፈትኖታል።

መጀመሪያ የመጣው የስዊድናዊው ቪክቶር ዮኬሬሽ ጉዳይ ነበር። በፖርቱጋሉ ስፖርቲንግ በአንድ የውድድር ዓመት 54 ግብ አግብቶ ወደ አርሴናል ሲመጣ ክርክሩ በፖርቱጋል ግብና በእንግሊዝ ግብ ምንዛሬ ላይ ሆነ። ከሐምሌ 2016 ወዲህ፣ የብር ምንዛሬ ለገበያ ከተለቀቀ ጀምሮ፣ ስለ ምንዛሬ የማያውቅ የከተማ ሰው የለም። አንዱ «የፖርቱጋል ሁለት ግብ ለእንግሊዝ አንድ ነው» ሲል ሌላው «እሱ የባንኩ ነው፣ የጥቁር ገበያው ሦስት ለአንድ ነው» ብሎ መለሰለት። በዚህ ስሌት ዮኬሬሽ ከ18 እስከ 27 ግብ ያገባል ተባለ፤ ልዩነቱ ሰፊ መሆኑን ያነሳ አልነበረም።

ከዚያ የኤቤሬቺ ኤዜ መጣ። የክሪስታል ፓላስን ተጫዋች ቶተንሃም ሲከራከርበት ሰንብቶ ነበር፤ ዋጋው ሊቆረጥ ነው በተባለበት ሰዓት አርሴናል ከጎን ገብቶ ወሰደው። ልጁ በታዳጊነቱ ከአርሴናል ማሰልጠኛ በ13 ዓመቱ የተሰናበተ ነው። ነሐሴ 17፣ ፍልሰታ በተፈታ ማግስት፣ ኤምሬትስ ስታዲየም ላይ ለደጋፊ ሲታይ ነቀምቴ ውስጥ ሁለት ጾም አብሮ የተፈታ ይመስል ነበር። የቶተንሃም ደጋፊ በከተማው ብዙ ስላልሆነ አጽናኝ አላገኘም። የሻምቡው ሰው ግን አሁንም አልተዋጠለትም፦ «በ13 ዓመቱ የሸኙትን በ27 ዓመቱ በ60 ሚሊዮን ፓውንድ ከገዙ፣ ያኔ ያባረረው ሰው ዛሬ የት ነው የሚሠራው?» የሚመልስለት አልተገኘም።

የአሌክሳንደር ይስሐቅ ግን ከሁሉም የባሰ ነበር። ስዊድን ተወልዶ ያደገ፣ ወላጆቹ ኤርትራውያን የሆኑ አጥቂ ነው። ስለዚህ ከነቀምቴ እስከ ጊምቢ፣ ሊቨርፑልን የማይወድ ሰው እንኳ «የእኛ ነገር አለበት» ብሎ ይሟገትለታል። ክለቡ ኒውካስል ለሊቨርፑል አልሸጥም አለ፤ ልጁ ልምምድ አልሠራም አለ። የሻምቡው ባለሙያ በሕይወቱ እንዲህ ያለ ገበያ አላየም። ባለቤቱ አልሸጥም እያለ በሬው ራሱ «ካልሸጣችሁኝ አላርስም» ብሎ የተኛበት ገበያ የት አለ? «ለምን ይሸጠዋል?» የሚለው ጥያቄ «ለምን አይሸጠውም?» ሆነና ሰውየው ለሦስት ቀን ያህል ዝምታ አበዛ።

ነሐሴ 26 መስኮቱ የሚዘጋው በኢትዮጵያ ሰዓት ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ነበር። እንዲህ ባለ ማታ ዲኤስቲቪ ቤቱ ጨዋታ ያለ ይመስል ይሞላል፤ ስክሪኑ ላይ ግን የሚታየው ጃንጥላ ይዞ ስታዲየም በር ላይ የቆመ ጋዜጠኛ ብቻ ነው። ሰው ከጋዜጠኛው ጀርባ የሚያልፈውን መኪና ሁሉ መስታወት ያጣራል። ስልኮች ፋብሪዚዮ ሮማኖን ይጠብቃሉ፤ ጣሊያናዊው ጋዜጠኛ «ሂር ዊ ጎ» ካላለ ዝውውር አልተጠናቀቀም፤ ካለ ደግሞ ክለቡ ራሱ ቢያስተባብል የሚሰማው የለም። በመጨረሻ በ125 ሚሊዮን ፓውንድ፣ በእንግሊዝ ታሪክ ውዱ ዝውውር፣ ይስሐቅ የሊቨርፑል ሆነ። ከመምህራኑ አንዱ ስልኩን አውጥቶ መታና ከ20 ቢሊዮን ብር በላይ መሆኑን ሲያስታውቅ፣ አንድ የባጃጅ ሹፌር «በዚህ ብር እኔ ሰፈር አስፋልት ይገባ ነበር» አለ። ከጀርባ አንድ ድምፅ፦ «አስፋልቱ ግን በጭንቅላት አያገባም።»

እንዲህ ያሉ ማታዎች የራሳቸው ታሪክ አላቸው፤ ጠረጴዛው ላይ ቀን ተቆጥሮ ይወራል። በሐምሌ 2005 አርሴናል ለሊቨርፑሉ ሉዊስ ሱዋሬዝ 40 ሚሊዮን ከአንድ ፓውንድ አቀረበ። አንዷ ፓውንድ የተጨመረችው ውሉ ላይ ከ40 ሚሊዮን በላይ የሆነ ጥያቄን የሚመለከት አንቀጽ አለ ስለተባለ ነው። የሊቨርፑሉ ባለቤት ጆን ሄንሪ ኤምሬትስ ውስጥ ምን እያጨሱ ነው ብሎ በትዊተር ጠየቀ፤ ሱዋሬዝም አልመጣም። ነገሩን ዛሬም የሚያነሱ አሉ። ቡና የሚያፈሉት አዴ ሲተረክላቸው ሰምተው፣ ረከቦታቸውን ሳይለቁ፣ «ምርቃት የሚጨምረው ሻጭ ነው እንጂ ገዢ ሲመርቅ የት ታየ?» ብለዋል። ከለንደን እስከ ሊቨርፑል ስለዚያ ጥያቄ ከተጻፈው ሁሉ ይህ ፍርድ ሳይሻል አይቀርም። በዚያው ክረምት መጨረሻ፣ ነሐሴ 27፣ አርሴናል ሜሱት ኦዚልን ከሪያል ማድሪድ በ42.5 ሚሊዮን ፓውንድ ሲያመጣ፣ ጋሼ ያን ቀን ለቤቱ ሁሉ ቡና እንደጋበዙ ይነገራል። ከዚያ ወዲህ ጋብዘው አያውቁም።

ወለጋ ውስጥ ማብራሪያ ሳያስፈልገው የሚገባው ግን የዴቪድ ደ ሂያ ነው። ነሐሴ 25 ቀን 2007 ከማንችስተር ዩናይትድ ወደ ሪያል ማድሪድ ሊዛወር ሁሉ ነገር አልቆ፣ ሰነዱ በሰዓቱ ስላልደረሰ ዝውውሩ ፈረሰ። ሁለቱ ክለቦች በማግስቱ መግለጫ እያወጡ ጥፋቱን እርስ በርስ ተወራወሩ። በየቢሮው መስኮት ላይ ቆሞ «ሲስተም የለም» ተብሎ የተመለሰ ሰው ይህን ታሪክ ሲሰማ አይስቅም፤ አንገቱን ይነቀንቃል። ሪያል ማድሪድም እንደ ሰው ነገ ተመለስ ተብሏል ማለት ነው።

ይህ በሽታ የኳስ ብቻ አይደለም። አሜሪካኖች ቤዝቦል የሚባል ጨዋታ አላቸው፤ የሚያቆመው በእነሱ ክረምት ነው። በረዶ ሲጥል ደጋፊው ምድጃ ዙሪያ ተቀምጦ ማን ይሸጥ፣ ማን ይገዛ እያለ ሲጨቃጨቅ ይከርማል፤ ሁሉም የቡድኑ ሥራ አስኪያጅ ነው። የሻምቡውን ጥያቄ ቢሰሙ ግን ብዙ ይማሩ ነበር። የቦስተን ሬድ ሶክስ ባለቤት ሃሪ ፍሬዚ ቤብ ሩት የተባለውን ድንቅ ተጫዋች ለኒው ዮርክ ያንኪስ በ100,000 ዶላር ሸጠው፤ ሽያጩ እ.ኤ.አ. በጥር 1920 መጀመሪያ ይፋ ሆነ። ፍሬዚ የቲያትር ሥራ ነበረውና ገንዘብ ያስፈልገው ነበር። ቦስተን ከዚያ በፊት ዋንጫ የወሰደው በ1918 ነው፤ ቀጣዩን ያገኘው በ2004። ከሰማንያ ዓመት በላይ የቦስተን ደጋፊ ምድጃ ዙሪያ ያንኑ ሲጠይቅ ኖረ፦ ባለቤቱ ለምን ሸጠው?

ወለጋ ግን ለቦስተን ደጋፊ ያልደረሰውን ነገር አይታለች፤ ወሬ የሌለበት የዝውውር መስኮት። በ2012 ዓ.ም. የገና ሰሞን በምዕራብ ወለጋ፣ በቄለም ወለጋና በሆሮ ጉዱሩ ስልክም ኢንተርኔትም ተቋረጠ፤ በምስራቅ ወለጋ ትልልቅ ከተሞች ስልክ ቢኖርም ኢንተርኔት አልነበረም። ሰው የታመመ ዘመዱን መጠየቅ ባልቻለበት ወራት የኳስ ወሬ ማጣት ችግር ተብሎ አይቆጠርም። ቢሆንም የጥር መስኮት ክፍት ነበር፤ ማንችስተር ዩናይትድ ብሩኖ ፈርናንዴዝን ያመጣል አያመጣም የሚለው ደግሞ ከክረምት ጀምሮ ያደረ ክርክር ነው። ስልካቸው ዝም ያለ ሰዎች ያላቸው ሬዲዮና ዲሽ ብቻ ሆነ። እነዚህ ደግሞ የሚናገሩት የሆነውን ነው፤ «ሊሆን ይችላል» እያሉ ቀኑን ሙሉ አይመግቡም። ከአዲስ አበባ 330 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ነቀምቴ የወረደ መንገደኛ ሻንጣውን ሳያስቀምጥ ስለ ብሩኖ የሚጠየቅበት ዘመን ነበር፤ ወሬው ከዚያ ወዲያ ወደ ጊምቢ የሚሄደው በመኪና ነው፣ 110 ኪሎ ሜትር። በጉዞው ላይ ዋጋው ይጨምራል።

ብሩኖ የፈረመው ጥር 21 ቀን፣ የአስተርዮ ማርያም ዕለት ነው፤ መነሻ ዋጋው 55 ሚሊዮን ዩሮ። መጋቢት ሊያልቅ ሲል ኢንተርኔቱ ሲመለስ የዩናይትድ ደጋፊ ሦስት ወር ገደማ ያመለጠውን ወሬ ሊያካክስ ስልኩን ከፈተ። ኳስ ቆሟል። በኮሮና ምክንያት የእንግሊዝ ሊግ ከመጋቢት 4 ጀምሮ ተቋርጦ ነበር። መላው ዓለም ወሬ ብቻ ይዞ ቀርቷል፤ ለአንዴም ቢሆን ማንችስተርና መንዲ እኩል ሆኑ።

እስካሁን የተወራው የሩቅ ዘመድ ነው። የቤቱ ጉዳይ ሲነሳ ድምፁ ይለወጣል።

ነቀምቴ የራሷ ክለብ አላት፤ ነቀምቴ ከተማ፣ በከፍተኛ ሊጉ ዓመታት ያስቆጠረ። እንደ አብዛኞቹ የከተማ ክለቦች ኑሮው በከተማ አስተዳደር በጀት ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ የበጀት ዓመቱ ደግሞ የሚጀምረው ሐምሌ 1፣ ልክ የዝውውር ክርክሩ በሚፋፋምበት ወቅት ነው። ስለዚህ እዚህ አጥቂ ይምጣ ማለት እንደ ለንደኑ ቀላል አይደለም። «ሁለት አጥቂ ያስፈልገናል» ያለ ሰው «ውሃው ሰፈራችን በሳምንት ስንቴ እንደሚመጣ ታውቃለህ?» የሚል መልስ ሊያገኝ ይችላል። በአገር ውስጥ ውል ብዙውን ጊዜ የአንድ ወይም የሁለት ዓመት ስለሆነ፣ በየክረምቱ ግማሽ ቡድን ይሄዳል፣ ግማሽ ቡድን ይመጣል። ደጋፊው የአምናውን ስም አጥንቶ ሳይጨርስ የዘንድሮው ዝርዝር ሶከር ኢትዮጵያ ድረ ገጽ ላይ ይወጣል።

በዚያ ላይ ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ የከፍተኛ ሊግ ቡድኖች በብዛት የሚጫወቱት በተመረጡ ከተሞች እየተሰባሰቡ ነው። ይህ ለነቀምቴ ደጋፊ ልዩ ችግር ፈጥሯል። የሊቨርፑልን ሦስተኛ በረኛ ልምምድ ሲሠራ በስልኩ ያያል፤ የከተማውን ግራ ተመላላሽ ግን ሩቅ ከተማ ላይ የተጫወተውን ከውጤቱ ነው የሚገምተው። 3 ለ 1 ከተሸነፉ «ግራው በኩል ነው የገባው» ይላል፤ ያየ የለም፣ ያስተባበለም የለም።

ከዚህ በላይ ያለው የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ራሱ በዚያው በ2013 ዲኤስቲቪ ላይ መታየት ሲጀምር አርሴናል የሚታይበት ስክሪን ላይ ኢትዮጵያ ቡናም መጣ። የቡናው አቡበከር ናስር በዚያ ዓመት 29 ግብ አግብቶ ሪከርድ ሰበረ፤ በቀጣዩ ዓመት ወደ ደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ መዛወሩ ተረጋገጠ። «ባለቤቱ ለምን ይሸጠዋል?» ተብሎ ሲጠየቅ ለመጀመሪያ ጊዜ ሁሉም መልሱን ያውቅ ነበር፤ ስለማያውቁት ሰው ሳይሆን ስለሚያውቁት ኪስ ነውና። ከዚያ ቀደም በነሐሴ 2011 የፕሪሚየር ሊግ ክለቦች የአንድ ተጫዋች ወርሃዊ ደመወዝ ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ ተስማምተው ነበር። ይህ ሲነሳ የነጆው መምህር ለአንዴም ያለ ነጥብ ተናገረ፦ «ጣሪያው ሃምሳ ሺህ ከሆነ እኛ መሠረቱ ውስጥ ነን ያለነው፣ ከድንጋዩ ሥር።»

ስለ ከተማው ቡድን ሲወራ ግን አንድ ሌላ ልዩነት አለ። የአርሴናልን አጥቂ «እንጨት ነው» ለማለት የሚከለክል የለም፤ ሰውየው በባጃጅ ተራ አያልፍም። የከተማው ተጫዋች ያልፋል። እናቱ ገበያ ላይ ትታወቃለች፣ ታላቅ ወንድሙ ከመምህሩ ጋር ተምሯል፣ እሱ ራሱ ጥግ ያለው ወንበር ላይ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «ይሸጥ» የሚለው ቃል ይጠፋና «ትንሽ እረፍት ቢያገኝ ጥሩ ነው»፣ «ሌላ ቦታ ዕድሉን ቢሞክር» የሚባል ነገር ይመጣል። በሬ ገበያው ጭጭ ይላል። የሻምቡው ሰው እንኳ ጥርስ አያይም።

በአንድ የሐምሌ ማታ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ ውሉ ሰኔ 30 ያለቀ አንድ የአገር ውስጥ ተጫዋች ከእነዚህ ጠረጴዛዎች አንዱ ጋ ተቀምጦ ነበር። ገና የጠራው ክለብ የለም፤ ሁሉም ስለሚያውቅ ስለ አገር ውስጥ ዝውውር የሚያነሳ አልተገኘም። ወሬው በጨዋነት ወደ ለንደን ዞረ፤ አርሴናል ያለፈውን ዓመት አጥቂ ይያዝ ወይስ ይሸኝ? ጋሼ ይቆይ አሉ። መምህሩ አንደኛ፣ ሁለተኛ ብሎ ይቆይ አለ። ልጁ ስኒውን አስቀምጦ ብድግ አለ።

«ምን ይጠበቃል? ይባረር እንጂ! ሁለት ዓመት ሙሉ ዕድል ተሰጠው። ዛሬውኑ ይሽጡት፣ በነፃም ቢሆን!»

አዴ ሦስተኛውን እየቀዱ ነበር። «ልጄ፣» አሉት፣ «እስቲ ቁጭ በልና በረካውን ጠጣ።»

ልጁ ቁጭ አለ፤ ስኒውንም ተቀበለ። ከዚያ ወደ ጋሼ ዞሮ፣ «በነፃ ካልሆነም በውሰት» አለ።